ከባሕር ያልወጣችው እህቴ

ጄት ስኪ ይሉታል አሉ፤ እኛ ቤት ግን የባሕር ሞተር ነው። ታናሽ እህቴ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ ለአረፋ ወደ አንዲት ደሴት ሊዝናኑ ሲሄዱ ሕፃን እንድትይዝላቸው ይዘዋት ሄዱ። እዚያ የቤቱ ትልቋ ልጅ "ነይ ንጂው" ብላ ሞተሩ ላይ አወጣቻት። አብራት የምትሠራው የአገሯ ልጅ ቀረጸችና በእህቴ ስልክ እዚህ መርሳ ድረስ ላከችልን።

ብርቱካን መልክ ያለው የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሳ፣ ሻርፗን አገጯ ሥር ቋጥራ፣ በቅሎ ላይ እንደወጣች ሙሽራ ቀጥ ብላለች። መያዣውን ስትጠመዝዘው ሞተሩ ተስፈነጠረ። "ዋይ! ዋይ እማ!" እያለች፣ ከት ከት ብላ እየሳቀች፣ ውሃውን ሰንጥቃ ሄደች። እያነሰች፣ እያነሰች መጣች። እዚያ ላይ ቪዲዮው አለቀ። የጓደኛዋ የድምፅ መልእክት ተከተለ፦ "እማማ፣ ልጅዎ ከውሃው ስትወጣ ትደውልልዎታለች።"

በዚያው ቀን ኔትወርክ ጠፋ። መብራቱም ተከተለ፤ ጦርነቱ ከወልድያ በኩል ወርዶ እኛጋ ደረሰ።

"ወጣች ወይ?" ትለኛለች እናቴ።

"ወጥታለች፣ እማ። መዝናኛ እኮ ነው።"

"አይተሻል?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያው ዝም በይ።"

ስንት ጊዜ እንዲህ እንደተባባልን አላህ ይወቀው። እንዳልፈርድባት የመርሳን ወንዝ አውቀዋለሁ። እኛ የምናውቀው ውሃ እሱ ነው፤ እኛጋ ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ሳለ ከላይ ደራሽ ይመጣና በሬውንም ሰውንም ጠርጎት ይወርዳል። የእናቴን ወንድም የበላው እሱ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ልጅቷ ደግሞ እየሳቀች ነው የሄደችው።

እኔ ግን ደከመኝ። ወፍጮው ቆሞ ቆሎ እየቆረጠምን፣ መድፉ ከውርጌሳ በኩል ቆርቆሮውን እያርገፈገፈው፣ እሷ "እስቲ ቪዲዮውን ክፈቺልኝ" ትለኛለች። ባትሪው ሲያልቅ ሶላር ያላቸው ጎረቤታችን ዘንድ የምሮጠው እኔ ነኝ።

"ልጄ፣ ሰው ጨው አጥቷል፣ አንቺ ቻርጅ ትለምኛለሽ?" አሉኝ አንድ ቀን ሽማግሌው።

"እኔስ ጨው ብለምን መች ጠላሁ አባባ፤ እናቴን ምን ላድርጋት?"

ሳቁና ሰኩልኝ።

ታጣቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ስልክ ይወስዳሉ ሲባል እናቴ ስልኬን በጨርቅ ጠቅልላ ጓሯችን ማንጎው ሥር ቀበረችው። አንድ ጠዋት ተኩሱ መንደሩ ውስጥ ገባና ሁላችንም ወደ ማሳው ሮጥን። እናቴ ከመሐል ተመለሰች፤ ለስልኩ!

"አንቺ ሴትዮ፣ አበድሽ? ማለቃችን እኮ ነው!" ብዬ ጮህኩባት።

"እኛማ ደረቅ መሬት ላይ ነን" አለችኝ ሳትዞር፤ "ወየው ለሷ።"

ተከትያት ተመለስኩ፤ ምን ላድርግ! ጥይት በላያችን እያፏጨ ሁለታችንም በእጃችን ማስን። አፈሩን ከስልኩ ላይ ስታራግፍ ሳያት አለቀስኩ። ቀናሁ፤ ምን ይደበቃል! እጇን ይዤ የምሸሸው እኔ፣ የምትጨነቀው ለሌላዋ። "ለእኔስ?" አልኳት። "አንቺን አይሻለሁ" አለች።

ጦርነቱ ከእኛ መንደር ከሄደ በኋላም ኔትወርኩ ቶሎ አልመጣም። የመጣ ለት የመጀመሪያው ጥሪ የሷ ነበር። "አላችሁ? በአላህ፣ ሁላችሁም አላችሁ?" እያለች እሪ ትላለች። መልስ ሳልሰጣት እናቴ ስልኩን ነጠቀችኝ።

"ከውሃው ወጣሽ?"

"የቱ ውሃ፣ እማ?"

ያን ቀን ጭራሽ ረስታዋለች። እሷ የከረመችው የእኛን ሬሳ ስታስብ ነው።

"የሞተሩ ነዋ!"

"ወጣሁ እማ። ያኔውኑ ወጣሁ።"

"አልሐምዱሊላህ" ብላ እናቴ መሬቱ ላይ ዝርግፍ አለች። በዚያ ሁሉ መከራ ያላፈሰሰችውን እንባ አፈሰሰችው። ቆይታ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገችና ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

"በይ እርጥቡን ልብስ ለውጪ፤ ብርድ እንዳይመታሽ።"

እህቴ እየተንሰቀሰቀች፣ "እሺ እማ፣ እለውጣለሁ" አለች።