የመጨረሻው ቢጫ አፈር

ሰፈርተኛው ቀይ እጅ ይላታል። ቢጫ አፈር በሰፊ መጥበሻ እየቆላች ቀይ የግድግዳ ቀለም ስታወጣ ነው የኖረችው፤ ጣቶቿን ሳሙናም አላሸነፋቸውም። "አትፍሩ፣ የሰው ደም አይደለም" ትላለች ሰው ስትጨብጥ።

በዚያ ሳምንት ግን ቀልዱ ጠፍቶባት ነበር። ታላቅ እህቷ ከሆስፒታል ልትመጣ ነው። ሕክምናው ገና ግማሹ ነው፤ እሷ ግን "በቃኝ፣ አልመለስም" ብላ ቁርጡን ተናግራለች። ሐኪሞቹ ለመኑ፣ ልጇ አለቀሰች፤ ወይ ፍንክች! የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኝታ ክፍሌ እንደ እናታችን ቤት ቀይ ይቀባልኝ አለች። "ሰው የሚወደውን እያየ ይሰናበት" አለች።

አፈሩ ይቆፈርበት የነበረው ጉብታ ላይ ሕንፃ ቆሟል። የቀራት አንድ ጆንያ ነው። እሱን ነው እንግዲህ፣ ጥድፊያ አይጣል ነው፣ ጭዱንና ቅጠሉን ሳትለቅም መጥበሻው ላይ የገለበጠችው። ነፋስም ነበር፤ አፈሩ እንዳይበተንባት ክዳን ደፋችበት። ዕድሜ ልኳን ክፍቱን የቆላች ሴት!

ክዳኑን ስታነሳ አፈሩ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል።

"ወይኔ ጉዴ!" ብላ መሬት ላይ ዘጭ አለች። ያለቀሰችው ለአፈሩ እንዳልሆነ ራሷም ታውቃለች።

የእህቷ ልጅ፣ የኬሚስትሪ አስተማሪዋ፣ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ከማቀዝቀዣው በር ላይ ማግኔት ነቅላ ወደ ጥቁሩ ዱቄት አስጠጋችው፤ ዱቄቱ ዘሎ ተለጠፈበት።

"አክስቴ፣ አልተበላሸም እኮ። ቢጫው ሲሞቅ በውስጡ ያለው ውሃ ይወጣና ብረቱና ኦክስጅኑ እንደ አዲስ ይደረደራሉ፤ ለዚህ ነው የሚቀላው። አንቺ አፈንሽው፤ ጭዱ ደግሞ ሲቃጠል ኦክስጅኑን ቀማው። ድርድሩ ሌላ ሆነና ጠቆረ። አሁን ክፍቱን መልሰሽ ቁይው።"

"ልታሾፊብኝ ነው?"

"ዛሬ የማሾፍ ቀን ነው?"

ቆላችው። ቡኒ ሆነ፤ የበሰበሰ ቅጠል የሚመስል ቡኒ። ማግኔቱ ላይ አሁንም ይለጠፋል።

"ይኸው! ከዚህ ወዲያ ምን ቀረው?" ብላ መጥበሻውን ልታወርድ እጇን ዘረጋች።

"ተይ፣ ገና መንገድ ላይ ነው። እሳት ጨምሪ።"

ጨመረች። አማሰለች፣ ጭሱን ረገመች፣ ላቧ ተንጠባጠበ። ቀስ በቀስ ከጠርዙ በኩል ቀላ፣ ከዚያ መሃሉም። ማግኔቱን ብታስጠጋው ዱቄቱ ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለ ቀይ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም፤ በደስታ የእህቷን ልጅ አቅፋ ፊቷን በቀለም ለቀለቀቻት።

ክፍሉ ተቀብቶ እንዳለቀ እህቷ በልጇ ተደግፋ ገባችና ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

"የእማዬ ቀይ አይደለም።"

ቀይ እጅ ክው አለች።

"ይበልጣል። ምን አድርገሽው ነው?"

ሁሉንም ነገረቻት። አፈናውን፣ ጥቁረቱን፣ ልጅቷ ባትኖር ኖሮ ቡኒ እንደሆነ አውርዳ ልትደፋው እንደነበር። እህቷ ፀጉር የሌለውን ራሷን እየዳበሰች ሰማቻት።

የሕክምና ቀጠሮዋ ቀን ደረሰ። ማንም አላነሳባትም። ቀይ እጅ ጠዋት ቁርስ ይዛ ስትገባ እህቷ ልብሷን ለባብሳ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

"ምን ታፈጪብኛለሽ? ቦርሳዬን አምጪ እንጂ" አለች። "እኔንም ቡኒ ላይ እንዳታወርዱኝ።"