መልክዐ ምድር በቀይ ቀለም

«ከእንጦጦ ላይ ሆኜ ቁልቁል ባይ፣ ባይ፣
ላላላ ላላላ... ላላ ወይ...»

የማርያምወርቅ ሦስተኛዋን ስንኝ አታውቃትም። ሁለተኛዋንም ቢሆን በ«ላላላ» ነው የምትሻገራት። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ዳገቱ ትንፋሽ በሚያሳጥርበት ሰፈር፣ ጎረቤቱ ሁሉ በዚህች ዜማ ያውቃታል። ባሕር ዛፉ እንኳ ሲወዛወዝ «እባክሽ ጨርሽልኝ» የሚላት ይመስላል።

በ1955 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ግን ዜማዋ የጭንቅ ነበር። የማትሪክ ፈተና መመዝገቢያው ቅጽ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። እንግሊዝኛ፣ አማርኛና ሒሳብ ግዴታ ናቸው፤ ሁለቱን ቅጹ ላይ ካለው ዝርዝር ራሷ ትመርጣለች። ታሪክን ሞላች። አንዲት ባዶ መስመር ቀረች። ቅጹ ሰኞ ጠዋት ይመለሳል፤ በመረጠው ትምህርት የወደቀ ደግሞ ኮሌጁን የሚያየው በአጥር ቀዳዳ ነው።

«ይህችን መስመር ሳልሞላ እህል አልቀምስም!» ብላ በማርያም ማለች።

እናቷ ወይዘሮ በለጡ ሽሮውን ለሦስተኛ ጊዜ አሞቁት። «ወርቄ፣ ብይና ምረጪ።»

«ምያለሁ እኮ፣ እማዬ!»

«ማርያም ሽሮ ትከለክላለች ያለሽ ማን ነው?»

ባዮሎጂ እንዳትል፣ እንቁራሪት መቅደድ አለ፤ ባለፈው ጊዜ እንቁራሪቷ ሳትቀደድ እሷ ተዘረረች። ኬሚስትሪ ነጠላዋን በልቶባታል። ጂኦግራፊንማ አታንሱባት! አምና ካርታ ላይ አዋሽን እየጎተተች ቀይ ባሕር አስገብታው፣ መምህሩ ከጎኑ «መልካም ጉዞ» ብለው ጽፈውላታል።

ምክር ፍለጋ እታች ሰፈር ወዳለችው የክፍል ጓደኛዋ ወረደች። ጂቱ ሳትጠየቅ ነው የመለሰችው፤ «ፊዚክስ ያዢ፣ እኔ አለሁልሽ።»

ልቧን ቅልል ብሏት እያንጎራጎረች ዳገቱን ስትወጣ፣ አባቷ መሪጌታ ወልደ ኢየሱስ፣ የደብሩ የዜማ መምህር፣ ደጃፍ ተቀምጠው ቅጹን እፍ እፍ ይላሉ።

«ጨረስኩልሽ፣ ልጄ!»

ባዶዋ መስመር ላይ፣ በብራና ጸሐፊ እጃቸው፣ እንደ ቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም፣ «መልክዐ ምድር» ተብሎ ተጽፏል።

«አባባ! ምን አደረጉ?»

«መልክዐ ማርያምን በሰባት ዓመትሽ በቃልሽ የወጣሽ ልጅ! መንግሥት አንድ መልክዕ ፈተና ውስጥ ሲያስገባ እያየሁ ልለፈው? እርግጥ የምድርን እኔም አልሰማሁትም። ግን መልክዕ ያው መልክዕ ነው፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ማወደስ ነው።»

«ጂኦግራፊ እኮ ነው!»

«ጂኦግራፊ... የማን ልጅ ነው?»

«ተራራ ነው፣ አባባ! ወንዝ ነው! ካርታ ነው!»

መሬት ላይ ዝርግፍ አለች። ለአንድ ተማሪ የሚሰጠው አንድ ቅጽ ብቻ ነው፤ የመሪጌታ ቀይ ቀለም ደግሞ ብራና ቢያረጅ እንኳ አይለቅም። ኮሌጁ ከነአጥሩ ዓይኗ ሥር ሲሟሟ ታያት።

መሪጌታ ጥምጥማቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «መልክ ካላት ራስ አላት» አሉ። «ራሷ የት ነው?»

«የማን?»

«የምድሪቱ ነዋ!»

«ከፍተኛው... ራስ ዳሸን።»

«ይኸው! ስሙም ራስ! ዓይኗስ?»

«እንጃ... ጣና ይሆን?»

«እግሯ?»

«ደንከል። በጣም ይሞቃል።»

«ውይ፣ ምስኪን! እንባዋስ?»

የማርያምወርቅ ከንፈሯን ነከሰች። «አዋሽ። ግን... ባሕር ሳይደርስ አሸዋ ውስጥ ይቀራል።»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው በዜማ አወረዱት፤

«ሰላም ለራስሽ፣ ዳሸን ላይ በረዶ ለነካው፤
ሰላም ለዓይንሽ፣ በጣና ለሚያበራው፤
ሰላም ለእግርሽ፣ ደንከል ለፈጀው፤
ሰላም ለእንባሽ ለአዋሽ፣ ባሕር ሳያይ አሸዋ ለጠጣው።»

ልጅቱ ተቀበለቻቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማችው፤ ግን ከራስ እስከ እንባ አንድም «ላላላ» አላስፈለጋትም። ደግማ አለችው። አዋሽ አሁንም አሸዋው ውስጥ ነው፤ ንቅንቅ አላለም!

«አባባ፣ ወንዝ ገና አሥር ይቀረናል። የአፍሪካም አለ።»

«የአፍሪካም መልክ አላት? በይ ነገ ከቅዳሴ መልስ እንጀምራለን።»

«ይሁን» አለች ቀዩን ጽሑፍ በጣቷ እየነካች። «ፊዚክስን ለጂቱ ትቼዋለሁ።»

ወይዘሮ በለጡ በሩ ላይ ድስት ይዘው ቆመዋል። «ለመሆኑ መስመሩ ተሞልቷል?»

«ተሞልቷል፣ እማዬ።»

«ታዲያ ማርያምን ምን ታስጠብቂያታለሽ?»

የማርያምወርቅ እጇን ታጠበች፣ እግሯን አጣጥፋ መሶቡ አጠገብ ተቀመጠች፤ ለአራተኛ ጊዜ የሞቀውንም ሽሮ በትልቅ ጉርሻ ጀመረችው።