ለወንድሜ የላክነው ዳጣ

ወንድሜ ሰላም አስከባሪ ሆኖ ደቡብ ሱዳን ሲሄድ ሚስቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጅቷ ተወልዳ ጥርስ እስክታወጣ አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላየም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከቤታችን ኢንተርኔት የሚያስገባ ስልክ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ የእማዬና የሚስቱ ባለ ቁልፍ ናቸው። እሱ ሆዬ ከካምፕ የፍየል ቪዲዮ፣ የዝናብ ቪዲዮ፣ ጓደኛው ጢሙን ሲላጭ ሳይቀር እየላከ የወር ፓኬጄን በሦስት ቀን ይጨርስብኝ ነበር። አንድ ቀን አንጀቴ ቅጥል ሲል ዳታዬን ዘጋሁት። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መርፌና ክር ዳታ አይፈልጉም፤ በዚያው ረሳሁት።

ወንድሜ የሚደውለው ቀን ቀን ነው፣ እኔ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ሱቄ ውስጥ ሆኜ፣ ለእማዬ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ስገባ እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ወንድምሽ ዳጣ አማረው። መስመሩ ይቆራረጣል እንጂ ‹ዳጣ ከሌለ አልችልም፣ ዳጣ ብቻ› ነው የሚለኝ» አለችና አለቀሰች።

ሐዋሳ ላላደገ ሰው፣ ዳጣ ማለት ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተፈጭቶ ምግብ የሚበላበት ነው። አንድ ጎልማሳ በዳጣ እስኪለምን ድረስ ምን እያበሉት ይሆን ብዬ የእኔም ሆድ ባባ።

ደግነቱ አንድ የጦር ጓደኛው እዚሁ አጠገባችን ቱላ ያሉ ቤተሰቦቹን ሊጠይቅ በእረፍት መጥቶ ነበር። ሦስት ጠርሙስ ዳጣ በፎጣ ጠቅልለን አስያዝነው። የወንድሜ ሚስት የሕፃኗን ፎቶ መሃሉ ሸጎጠች።

«እማማ፣ ሌላ ነገር አይልኩለትም? ካልሲ፣ በሶ?» አላት ወታደሩ።

«የጠየቀው ዳጣ ነው» አለችና የገዛ ልብሱን አስወጥታ አራተኛ ጠርሙስ ጨመረችበት።

ወታደሩ ኋላ እንደነገረን፣ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ፈታሽ ዳጣ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም ኖሯል። መርዝ ካልሆነ ቅመሰው ብሎት ቀመሰ። ዓይኑ እንባ ሲሞላ ፈታሹ ጭራሽ ተጠራጠረ። በመጨረሻ ራሱ ቀመሰና አንዱን ጠርሙስ ለራሱ አስቀረ።

ከሳምንት በኋላ ወንድሜ ደወለ። ምን አለ ብዬ እማዬን ብጠይቃት፣ «‹ዳጣው ደርሷል፣ ግን ዳጣ…› ሲል ተቋረጠ» አለችኝ። ሦስታችን ተቀምጠን መከርንበት። አንሶታል ተባለ። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ዋልኩ፤ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ታጠበ፣ ግማሽ ማዳበሪያ ቃሪያ ተገዛ፣ ጎረቤት ተጠራ። አንዷ ጎረቤታችን ለአገር ስም የወጣ ልጅ ነው ብላ ሚጥሚጣ ጨመረችበት። ግቢው በሙሉ ያስነጥሳል። ማን ይወስደዋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

በመሃል ስልክ ጠራ። የእማዬ እጅ ቃሪያ በቃሪያ ስለነበር እኔ አነሳሁት።

«ዳታ!» አለ ወንድሜ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ።

«እየፈጨን ነው፤ ምን አስቸኮለህ?»

«ምኑን ነው የምትፈጩት? ዳታ እኮ ነው የምለው፣ እቴቴ። ዳታሽን ክፈቺውና ልጄን በቪዲዮ ልያት። ፎቶዋ ላይ ዳጣ ፈስሶበት ፊቷ ጠፍቷል፤ የተረፈኝ አንድ ጆሮ ነው። ሳምንት ሙሉ ጆሮ እያየሁ ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እማዬ ደግሞ ከጎኔ «ዝንጅብሉ ይብዛለት ወይ? ጠይቂው» ትለኛለች።

እጄን ታጥቤ ፓኬጅ ሞላሁና ደወልኩ። ሚስቱ ልጅቷን ታቅፋ ስልኩ ፊት አቀረበቻት። ወንድሜ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ለሹመት የተጠራ ይመስል ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ጓደኞቹ ከኋላው ተደርድረዋል። ልጅቷን በስሟ ጠራት። ፊቷን አጨማደደች። ደግሞ ጠራት፤ ልታለቅስ ከንፈሯን ጣለች። ይሄኔ ከጀርባው የቆመ አንድ ጥርሰ ፍንጭት ወታደር ምላሱን ቢያወጣላት ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች።

ወንድሜ ዞር ብሎ ሰውዬውን አየው። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ተነሣና ወንበሩን ለቀቀለት፤ ስልኩንም አስያዘው። ከዚያ ከሰውዬው ጀርባ ቆሞ በትከሻው በኩል ልጁን ያይ ጀመር። ሰውዬው አፍሮ ምላሱን ሲሰበስብ ወንድሜ ጎሸም አደረገው።

«አታቁምብኝ» አለው፣ «ገና አልጠገብኳትም።»