ኸሊል ያልጻፈው ዝርዝር

ሂርሲ በደርግ ጊዜ የሀርሺን ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። በ1971 ዓ.ም.፣ ልጆቻቸው ድንበር ተሻግረው ታጥቀዋል የተባሉ አባወራዎች እንዲታሰሩ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። አስተዳዳሪው ዒጋል የስም ዝርዝሩን እንዲያዘጋጁ ሂርሲንና ባልደረባውን ኸሊልን አዘዛቸው። ኸሊል እስክሪብቶውን አስቀምጦ አልጽፍም አለ። በማግስቱ ወታደሮች ሂርሲ እያየ ከቢሮው ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ዝርዝሩን ሂርሲ ብቻውን ጨረሰው።

የኸሊል ሚስት ደሃቦ ባሏ የት እንደገባ ብትጠይቀው፣ ሂርሲ ፈርቶ አላውቅም አላት። ቆይቶ ኸሊል ድንበር ማዶ ሐርጌሳ ገብቶ ሌላ አግብቷል የሚል ወሬ ተነሣ። ሂርሲ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ዝም አለ። ደሃቦ ሁለት ሴት ልጆቿን ወተት እየሸጠች አሳደገች፤ የአባታቸው ስም ቤቷ ውስጥ እንዳይነሣም ከለከለች።

መንግሥት ተለወጠ። ዒጋልም ጅግጅጋ ውስጥ ታሞ ሞተ። በ1996 አዲሱ ትምህርት ቤት በስሙ ይጠራ ተብሎ የሀርሺን ሰው ተሰበሰበ። ሕዝቡ ዛሬም የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅምባቸው፣ እሱ ያስቆፈራቸው ብርካዎች ተወሱ። ያስፈጸመው የአባወራዎቹ እስርም ተነሣ። ያኔ የታሪክ መምህሩ ዩኒስ፣ መሪ የሚመዘነው በዘመኑ ሚዛን ነው፣ በዚያ ጊዜ እምቢ ማለት የማይታሰብ ነበር ብሎ አስረዳ። ብዙዎች ተስማሙ።

ሂርሲ እንዲህ የሚለው ሰው ሲጠብቅ ነው የኖረው። ዝም ቢል እሱም አብሮ ነጻ ይወጣ ነበር። ግን በሴቶቹ መካከል ደሃቦን አያትና ተነሣ።

«መምህር፣ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ቢሮ ኸሊል እምቢ ብሏል» አለ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

የቀረውንም ሳይደብቅ ተናገረ። ደሃቦ እዚያ አላለቀሰችም። ስብሰባው ሲበተን ደጅ ጠበቀችው።

«ሲወስዱት ምን አለ?»

«ለደሃቦ ንገራት አለኝ።»



«ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ረገምኩት» አለች። «እሱ አይሰማኝ፣ አሁን ማንን ይቅርታ ልጠይቅ?»



ትምህርት ቤቱ በከተማዋ ስም ተጠራ። ሂርሲ ሽማግሌ ላከ፤ ደሃቦ በክብር ተቀብላ፣ ቂም የለኝም ግን ፊቱን ማየት አልችልም ብላ መለሰቻቸው። በዚያው ወር ለባሏ ቁርኣን አስቀራች። ልጆቿ ስለ አባታቸው ከእናታቸው አፍ ሲሰሙ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር፤ ትልቋ፣ ሆዳን፣ መልኩ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቀቻት። ደሃቦ ልትነግራት ጀምራ አቆመች። ረስታው ነበር።