የሃምሳ አምስት ቀን ዕንቁላል

ቁጡ ነኝ። ደባርቅ ገበያ አጠገብ ሠላሳ ዓመት ልብስ ስሰፋ «ልኬቱን አጥብበሽብኛል» ብሎ የተከራከረኝ ሰው ተመልሶ አይከራከረኝም። ስለዚህ የምጽፈው ቢመርር ሁሉንም በበሽታው አታሳብቡ፤ ግማሹ ጠባዬ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንጀቴ ተጠማዘዘ። የሞተውን ቆርጠው ጣሉና የቀረውን ጫፍ በሆዴ ቀኝ በኩል አወጡት። ከዚያ ወዲህ ሰገራዬ የሚወርደው ሆዴ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ውስጥ ነው። «ለጊዜው ነው፤ ስትጠነክሪ መልሰን እንዘጋዋለን» አሉኝ። መጀመሪያ በጦርነቱ የመኪናው መንገድ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ደሜ ወረደ። ቀዶ ሐኪሙ የምርመራ ወረቀቴን አየና «ሄሞግሎቢንሽ አስር ካልሞላ ቢላ አላነሣብሽም» አለኝ። የኔ ስምንት ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ምኞት አልነበረኝም። አስር እንዲሞላልኝ፣ ከረጢቱ እንዲነሣልኝ፣ እንደ ሰው ቅዳሴ መካከል ገብቼ «ሸትቼ ይሆን?» ሳልል እንድቆም፤ ይኸው ነበር።

ከቤቴ እስከ ገበያው ያለችውን አጭር ዳገት ሁለት ጊዜ አርፌ ነበር የምወጣት። ምላሴ ተልጦ በርበሬ አያስነካም። እግሬ ከቁርጭምጭሚቴ በታች ደንዝዞ የስፌት መኪናዬን መርገጫ መርገጤን የማውቀው በድምፁ ነበር። የብረት ክኒን ሰጡኝና ሁለት ወር ዋጥሁ። አንድ ቀን ጠዋት ከረጢቱን ሳጥብ ክኒኑን እንደ ዋጥሁት፣ ቀይ ቀለሙ እንኳ ሳይለቅ አገኘሁት። በማግስቱም እንደዚያው።

ይህን ክኒኑን ለሰጠችኝ ነርስ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኋትም። እሷ ልጅ ናት፤ እኔ የእናቷን የሠርግ ቀሚስ የሰፋሁ ሴትዮ ነኝ። ምን ብዬ ከረጢቴ ውስጥ ያገኘሁትን አወራላታለሁ? ደሜ አለመጨመሩን አይታ «እትዬ፣ ክኒኑን አይውጡትም ማለት ነው» ስትለኝ ጮኽሁባት። ከረጢቴን ከማወራ ሰነፍ ብባል መረጥሁ። እሷም መከራከሩን ትታ «እንግዲያስ ምግብ ያጠናክሩ። ዕንቁላል፣ ወተት፣ ጉበት» አለችኝ። ይህን ያለችኝ በቅበላ ነው፤ ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ለታመመ ተፈቅዷል፤ ብዪ ልጄ» አሉኝ። እናቴ አጠገቤ ቆማ ሰማች። እናቴ የጃናሞራ ሰው ናት። ሆዴን የተቀደድሁ ጊዜ ልታስታምመኝ ወርዳ በዚያው የቀረች ናት። በጾሙ የመጀመሪያ ሰኞ ቅቤ የነካውን ዕቃ ሁሉ በአመድ ፈትጋ አነሣችና አንዲት ትንሽ መጥበሻ ብቻ አስቀረችልኝ። መጥበሻዋን የማስቀምጠው ከስፌት መኪናው ጀርባ ነበር፤ ወጥ ቤት እንዳትገባ እናቴ ስለ ከለከለች።

ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም። ሥጋ ቤቶቹ ተዘግተዋል። የሙስሊሞቹ ክፍት ነው፤ እሱን ብሞክር ደግሞ እናቴ ከቤቴ ትወጣለች። ስለዚህ በየቀኑ ሁለት ዕንቁላል፣ በር ዘግቼ። የመጀመሪያውን ዕለት እየበላሁ አለቀስሁ፤ ጸጸትም ነበረበት፣ ንዴትም ነበረበት። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ «ምንድነው እንዲህ የሚሸተው በጾም?» አለች፣ እንድሰማት። እናቴ «ያመመው ሰው ቤት ነው» ብላ መለሰችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴና እኔ ከአንድ ገበታ አልበላንም። እኔ በጓዳ፣ እሷ በውጭ ክፍል።

ፋሲካ አለፈና ደሜን ላስለካ ሄድሁ። ደባርቅ ሁሉም ያውቀኛል፤ ዳባት ወርጄ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ገባሁ። ሰባት ከሁለት። ሃምሳ አምስት ቀን ጾም ገድፌ፣ ስምንት የነበረው ሰባት ከሁለት ሆነ። ወረቀቱን የያዘው ወጣት ሐኪም ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ። «የተቆረጠው የትኛው የአንጀትዎ ክፍል ነው?» የድሮውን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት፤ አንብቦ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ቢ አሥራ ሁለት የሚባል ቫይታሚን አለ። ደም ያለ እሱ አይሠራም፤ እግርዎም የደነዘዘው እሱን አጥቶ ነው። ከምግብ ተቀብሎ ወደ ደም የሚያስገባው የትንሹ አንጀት መጨረሻ ነው። የርስዎ ተቆርጦ ወጥቷል። በሬ ሙሉ ቢበሉ አይገባልዎትም። መርፌ ነው የሚያስፈልግዎት፣ ዕድሜ ልክዎን።»

«መርፌው የጾም ነው የፍስክ?» አልሁት።

ሳቀ። «መርፌ ምን ጾም አለው?»

አልሳቅሁም። ሦስት ዓመት ሙሉ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሦስት ዓመት ያየኝ ሁሉ ቁጥሩን እንጂ ወረቀቱን አላየም። እኔም ብሆን ስለዚያች ቀይ ክኒን አፌን ብከፍት ኖሮ ያኔ አንዱ ይጠይቀኝ ነበር። ጾሜን ያለ ምክንያት፣ ያለ ጥቅም፣ በገዛ እፍረቴ ገደፍሁ። መኪና ውስጥ ተቀምጬ እስከ ደባርቅ ድረስ ጥርሴን ነክሼ መጣሁ። እናቴን የነገርኋት «መርፌ አዘዙልኝ» ብዬ ብቻ ነው። ዕንቁላሉ ከንቱ እንደ ነበር ልነግራት አልቻልሁም።

መርፌውን ተወጋሁ፤ መጀመሪያ በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ። ብረቱንም በሚጠጣ ለወጡልኝ። ምላሴ ዳነ። ዳገቷን ሳላርፍ መውጣት ጀመርሁ። እግሬ ግን እንደ ደነዘዘ ቀረ፤ «ዘግይተሻል» አሉኝ። ከሐዋርያት ጾም በኋላ ስለካ አስር ከሦስት ሞላሁ። ቀዶ ሐኪሙ ቀጠሮ ሰጠኝ፤ «ምትክ ደም የሚሰጥ ዘመድ ይዘሽ ነይ» አለ።

ይህን ስትሰማ እናቴ ነጠላዋን አንሥታ ተከተለችኝ። ሆስፒታል ደርሰን ያቺው የጮኽሁባት ነርስ ፊት እጅጌዋን ሰብስባ «የኔን ደም ቅጂ» አለች። ነርሷ «እማማ፣ ዕድሜዎ አይፈቅድም» ብትላት አልሰማ አለች። ክንዷን ዘርግታ ቁጭ። ቢቸግራት ነርሷ የእናቴን ጣት ወጋችና ደሙን መለኪያው ላይ አደረገች። ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁት። ሰባት።

«እማማ፣ ምንድነው የሚበሉት?»

እናቴ ወደ እኔ ሳታይ መለሰች። «ጾሟን ተቀብዬላት ነው። እሷ ስትገድፍ አባን የሷን ቀኖና በኔ ላይ አድርጉልኝ ብያቸው ነበር። አያስፈልግም አሉ። ግን ጾም ወድቆ አይቀርም። ሁዳዴን ለኔ ጾምሁ። ከጰራቅሊጦስ ወዲህ ያለውን ደግሞ ለሷ ይዣለሁ። ማታ ማታ ጥቂት ቆሎ እበላለሁ፤ ምን ጎደለኝ?»

በአንድ ቤት እያደርን አላየሁም። ከፋሲካ በኋላም ገበታ አልቀረበችኝም ነበር። ነይ ብዬ ስጠራት «በልቻለሁ» ትለኛለች፤ እኔም የራሴን ቁጥር እየቆጠርሁ አመንኋት። ነጠላዋ ሰፍቶባት ነበር። የሰው ወገብ በዓይኔ የምለካ ልብስ ሰፊ የእናቴን መቅጠን አላየሁም።

«የሷስ ስንት ሆነላት?» ብላ ነርሷን ጠየቀቻት።

«አስር ከሦስት።»

«ተመስገን፤ ጾሙ ደረሰላት» አለች እናቴ፣ እጅጌዋን እያወረደች።

መርፌው ነው ልል አፌን ከፈትሁ። ያቺን ሁሉ ቆሎ፣ ያንን ሁሉ ረኃብ በአንድ ቃል ከንቱ ላደርግባት ነው። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ተከራካሪዋ ሴትዮ የዚያን ዕለት ብቻ መከራከሩን ተውሁ።

ነርሷ ለእናቴም ያንኑ አዘዘች፦ ዕንቁላል፣ ወተት፣ ጉበት። የእሷ አንጀት ሙሉ ነው፤ ለእሷ ይገባላታል። ቤት እንደ ደረስን መጥበሻዋን ከስፌት መኪናው ጀርባ አወጣሁና ሁለት ዕንቁላል ጠብሼ ፊቷ አቀረብሁ። ከስንት ወር በኋላ በአንድ ገበታ መቀመጣችን ነበር።

ዕንቁላሉን አየችው። «ዛሬ እኮ ሮብ ነው» አለችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።