አንድ ማዕዘን ላይ አይቀመጥም

ሐይቅ ከተማ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ያልበተንኩትን ወረቀት በትነሃል ተብዬ ሁለት ሚሊሻዎች ከክፍል ሲወስዱኝ እጄ ላይ ገና ጠመኔ ነበር። ያስገቡኝ ድሮ የማሽላ መጋዘን በነበረ ቤት ነው፤ ነቀዙ ግድግዳው ላይ ይሄዳል። ውስጥ ያገኘሁት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከአርዲቦ የመጡ ሽማግሌ ሼህ። ክታብ እየጻፉ ሕዝብ ያታልላሉ ተብለው ነው የታሰሩት። እሳቸው ግን «ክታብ የሚባል አላውቅም» ብለው ክደዋል።

አንድ ከሰዓት ሥራ ፈትቼ የሲሚንቶ ወረቀት ላይ በከሰል ሦስት በሦስት የሆነ ዘጠኝ ቤት ሠራሁ። ተማሪዎቼን የማጫውተው ነው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ፤ በአግድም፣ በቁልቁል፣ በሰያፍም ሲደመሩ አሥራ አምስት መምጣት አለባቸው። ሳላስብ ቁጥር አንድን ማዕዘኑ ላይ ጻፍኩና ሌላውን ለነገ አልኩ።

በማግስቱ ፍተሻ መጣ። ፍተሻውን የሚመራው ካድሬ ወረቀቱን አንስቶ አገላበጠው።

«ለማን የሚላክ ምሥጢር ነው?»

«ጨዋታ ነው፣ ጓድ።»

«ጨዋታማ ከሆነ መልስ አለው። እፊቴ ሙላው። ካልሞላ ደሴ ሄደህ ትናገራለህ።»

ደሴ ሄዶ የተመለሰ ሰው አላየንም። ሞላሁ፣ አጠፋሁ፣ ደግሜ ሞላሁ። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር እምቢ አለኝ። ፈርቼ ነበር፤ ስሕተቴ ፊቴ ተቀምጦ አልታየኝም።

ሼሁ ተስቢሃቸውን መቁጠር አቆሙ።

«አብሽር፣ መምህር። አንድን ከማዕዘን አውጣው። እንዲህ ሆኖ ወላሂ ዓመት ብትለፋም አይሞላም።»

«ለምን?» አለ ካድሬው።

«ማዕዘን ላይ የተቀመጠ በሦስት በኩል ይደመራል። አንድን አሥራ አምስት የሚያደርሱት ግን ሁለት ጥንዶች ናቸው፤ ዘጠኝና አምስት፣ ስምንትና ስድስት። ሦስተኛው ከየት ይምጣ?»

ከሰሉን ተቀብለው አንድን ከላይ መሐል፣ አምስትን እምብርቱ ላይ፣ ዘጠኝን ከታች አደረጉ። የቀረውን ሳያመነቱ ሞሉት። ካድሬው ስምንቱንም መስመር በጣቱ እየቆጠረ ደመረ። ልክ ነበር።

«ይህን ማን አስተማረህ?» አላቸው።

ክታብ ጸሐፊዎች ክታቡ ላይ ይህንኑ ዘጠኝ ቤት እንደሚጽፉ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ሼሁ የካዱትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ለእኔ ሲሉ አፍርሰውታል።

«አባቴ፤ ክታብ ሲጽፍ እያየሁ» አሉ። «መዝግበው።»

ሊወስዷቸው ሲሉ «ቆይ፣ ልጠምጥም» አሉ። ካድሬው ቆሞ ጠበቀ። ጥምጣማቸውን ሳይቸኩሉ፣ ዙር በዙር አስተካክለው ወጡ። እኔ በወሩ ተፈታሁ። የእሳቸውን ወሬ ብጠይቅም የሚያውቅ አላገኘሁም።

ዛሬ ጡረታ ላይ ነኝ። የሰፈር ልጆች ዘጠኙን ቤት አሳየን ሲሉኝ አሳያቸዋለሁ። ማን እንዳስተማረኝ ከጠየቁኝ ኮሌጅ አልልም። «አንድ የአርዲቦ ሼህ» እላለሁ። እሳቸው ያልደበቁትን እኔ ምን ብዬ እደብቃለሁ?