ከእማማ ማርታ ጓሮ የተዛቀ አፈር

ይህ ያጋጠመኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሐዋሳ የባዮሎጂ ተመራቂ ተማሪ ሳለሁ ነው።

የመመረቂያ ጥናቴ አፈር ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች አዲስ የጀርም መድኃኒት መፈለግ ነበር። ላስቲክና ማንኪያ ይዤ ከከተማው ዳር ወዳለችው ቱላ ወጣሁ። አንድ ግቢ በር ላይ ቁጢጥ ብዬ አፈር ስዝቅ አንዲት አሮጊት ዱላ ይዘው ከተፍ አሉ።

"የደጄን አፈር ለየትኛው ጠንቋይ ልትወስጂ ነው?"

ክው አልኩ። የሰው ደጅ አፈር ለመተት ይወሰዳል ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ልጅ፣ ሳይንሱ አስክሮኝ ሳላስፈቅድ እዝቃለሁ! እየተንተባተብኩ አስረዳኋቸው። አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አሉ፤ አንዳንዶቹ የቁስል ጀርም ስለሚገድሉ መድኃኒት ይሠራባቸዋል አልኳቸው።

ስማቸው እማማ ማርታ ነው። ቀሚሳቸውን ገለጥ አደረጉ። እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሏል።

"ጤና ጣቢያ፣ ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዷል አሉኝ። ያንቺ ይሄን ይገድላል?"

"እንጃ እማማ፤ ገና እየፈለግኩ ነው።"

ዱላቸውን ጥለው ከጓሯቸው እንሰት ሥር ራሳቸው ቆፍረው ሰጡኝ። ከዚያ ላስቲኩ ላይ እጃቸውን ጭነው ረዥም ጸሎት ጸለዩ። ጎረቤት ሁሉ እያየ "አሜን በይ እንጂ!" ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ያ አፈር ላብራቶሪ ውስጥ ጉድ አሳየን። ካበቀልናቸው ባክቴሪያዎች አንዱ የሙከራ ሳህኑ ላይ በዙሪያው የዘራነውን ጀርም ገድሎ ጥርት ያለ ክብ ሠራ። በደስታ ጮህኩ። አማካሪዬ ግን ባክቴሪያው ድሮ የታወቀ መሆኑን፣ የሚያወጣውም መድኃኒት በየፋርማሲው እንዳለ ነገረኝ። ምናልባትም እማማ ማርታ ሲውጡት ከከረሙት አንዱ ነው።

ጥናቴ ጥሩ ማርክ አመጣልኝ፤ እሳቸው ጋ መሄዱን ግን እንደ ሞት ፈራሁት። እንደምንም ሄድኩ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "ተገኘ?" አሉ።

"አልተገኘም እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ጓዳ ገብተው አፈር የሞላ ላስቲክ ይዘው ወጡ።

"ይሄ ከቡናው ሥር ነው። ያኛው እንቢ ካለ ብዬ አስቀምጬልሽ ነበር። ለእኔ ባይደርስ ለሌላ ሰው ይደርሳል፤ ፈልጊ ልጄ።"

ትምህርቴ ማለቁን፣ የላብራቶሪውን ቁልፍም ማስረከቤን አልነገርኳቸውም። ላስቲኩን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። በማግስቱ ከእኔ በታች ላለች ተማሪ ሰጠኋት።

እማማ ማርታ አሁን የሉም። የተመረቅኩበትን ቀን ብዙም አላስታውሰውም። ባዶ እጄን ሄጄ ተስፋ አሸክመው የሸኙኝን ያን ቀን ግን እስከ ዛሬ እናፍቀዋለሁ።